የብስክሌቷ እንጉርጉሮ

የቁልፍ ሠሪው ብስክሌት የተሰረቀችበት ሳይቆልፋት አቁሟት ነው። አይ ጉድ! የሰፈሩን በር ሁሉ ሲያስቆልፍ የሚውል ሰው! መሳቂያ እንዳይሆን ለማንም ሳይናገር በአንዲት ምሳ ሰዓት፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ አሥራ ሁለት ስንኝ አለቀሰላት። ሚስቱ ምሳውን ይዛለት ስትመጣ አነበበችና ለእሷ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎ እንደማያውቅ ነግራው ሳቀች። ያኔ ሳቅ ነበር።

ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ አንድ ዘፋኝ ግጥሙን አይቶ ወሰደው። ስቱዲዮ ተብዬው ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ነው። አቀናባሪው ለብስክሌት ማን ያለቅሳል ብሎ ከግጥሙ ጎማዋን አውጥቶ ዓይን፣ ደወሏን አውጥቶ ሳቅ አስገባ። ዘፋኙም ጉሮሮው እስኪላጥ ቃተተ። በወሩ ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሰርጉ ሳይቀር "ማን ወሰዳት" እያለ ያነባ ጀመር። ባሏ ጎኗ ተቀምጦ ሙሽሪትን ምን እንደሚያስለቅሳት እግዜር ይወቀው። ብስክሌቷን የሰረቀው ሌባ ራሱ ሳያለቅስ አልቀረም።

ግጥሙ የእሱ መሆኑ ሲታወቅ፣ ያቺ ሴት ማን ናት የሚል ጠያቂ በዛ። ቁልፍ ሠሪውም ነገሩ ጥሞት፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቁስሌን አትንኩት ማለት ለመደ። ጥቁር መነጽርም ገዛ፤ በመነጽሩ የቁልፍ ጥርስ አልታይ ብሎት ስንቱን ሰው ከገዛ ቤቱ ደጅ አስቀረ።

ሚስቱ ግን ሳቋ አለቀ። አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ገበያ ስትወጣ በአዘኔታ ያዩዋታል፤ አይዞሽ፣ የመጀመሪያ ፍቅር አይረሳም የምትላትም አልጠፋች። ለቃለ መጠይቅ ሬዲዮ ጣቢያ ሊሄድ ሲል ሸሚዙን እየተኮሰችለት ለመነችው።

"አንተ፣ ብስክሌት ናት በላቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እሺ አለ፤ ማለላትም።

ጋዜጠኛዋ ግን የጠየቀችው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነው። እንዲህ ላለች ሴት ስለ ጎማ ይወራል?

"ዛሬም በር ሲንኳኳ" አለ ድምፁን አወፍሮ፣ "እሷ ትመስለኛለች።"

ቤቱ ሲደርስ በሩ አልተቆለፈም። ሬዲዮው እንደተከፈተ ነው፤ ቁም ሳጥኑ በእሷ በኩል ባዶ ነው። ትመለስ እንደሆነ ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍላት ተቀመጠ። "ዓይንሽ" ብሎ ጀመረና ሰረዘው፤ "ሳቅሽ" አለና እሱንም ሰረዘው። ሁለቱም ዘፈኑ ውስጥ አሉ። የሚያውቀው የፍቅር ቃል ሁሉ ለብስክሌቷ አልቋል።