ጠመኔ የልጅ ልጇን ያስለካች ቀን

እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ። ጥርሴን የነቀልኩት እዚች የብረት በር ሥር ነው። በሌላው ነገር አልፎክርም፤ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር ግን ከርእሰ መምህሩ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ልጁን የሚያስወጣ ወላጅ ቢሮ ድረስ ለመግባት ያፍራል። ልጁ የተዋሰውን የመማሪያ መጽሐፍ በፌስታል አድርጎ ይመጣና «ጋሼ፣ ይቺን መዝገብ ቤት ያድርሱልኝ» ብሎኝ፣ መልሴን ሳይሰማ እብስ ይላል። ፌስታል ሳይ ይገባኛል፤ አንድ ልጅ ወጣ ማለት ነው። ዘንድሮ ፌስታል መቀበል ሰልችቶኛል።

ለምን ይሄዳሉ? ሁሉም የየራሱ መልስ አለው። አንዱ እንግሊዝኛ ይላል። አንዷ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ የለውም። ሌላው ልጄን ደበደቡብኝ ይላል። እኔ እንደታዘብኩት ግን ሰው የሚሄደው ጎረቤቱ ስለሄደ ነው። ጎረቤቱ የሄደው አስተማሪው ስለሄደ ነው። አስተማሪውም ቢሆን ልጅ ያሳድግ የለ፤ ማዶ ያለው የግል ትምህርት ቤት ሻል አድርጎ ሲከፍለው ሄደ። እንግዲህ ማንን ትቆጣለህ? እኔ ሁሉንም በየተራ ተቆጥቼ ጨርሻለሁ።

ያልሄደች አንዲት ሴት አለች። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ በሌለችበት ጠመኔ ነው የምንላት። ጥቁር ሹራቧ እጅጌው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ነው። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረች እሷ ናት፤ የኔንም ልጆች ጭምር። ሰውነቷ ከሲታ ነው፣ ድምጿ ግን ከክፍሏ ተነሥቶ እኔ ጋ ይደርሳል።

ፌስታል በመጣ ቁጥር እነግራት ነበር። እሷም ከሥራ ስትወጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የልጁ ቤት ትሄዳለች። እኔም አብሬ። ለምን ብትሉ፣ ያቺ ስንቱን ጎረምሳ በአንድ ግልምጫ ጸጥ ያሰኘች ሴት ውሻ ትፈራለች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ዱላ ይዤ ደጅ እቆማለሁ። ንግግሯን በቃሌ ይዤዋለሁ። «አስተማሪ ይመጣል፤ ትንሽ ታገሡ» ትላለች። ወላጅ ሲያቅማማ ደግሞ የመጨረሻዋን ታወጣለች። «እኔ የልጄን ልጅ የት ነው የማስተምረው? እዚያው እኛ ጋ አይደለም ወይ? መጥፎ ቢሆን እሷን እዚያ አስቀምጥ ነበር?» ለዚህ መልስ ያለው ሰው አላጋጠመኝም። የልጅ ልጇ እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ የምታድገው እሷው ጋ ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሰው በዚያች ቃል ቆይቷል።

ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ድሮ የኛን ሰማያዊ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። አሁን ማሽኗ ላይ የሚያልፈው የማዶው ትምህርት ቤት የወይን ጠጅ ቀለም ጨርቅ ብቻ ነው። ሴት ልጇና የጠመኔ የልጅ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ሲጣሉም ሲታረቁም በአንድ ቀን ነው። አምና ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ የማዶው ትምህርት ቤት ባለቤት ስፌቷን ወዶላት «ልጅሽን በነፃ እናስተምርልሽ» አላት። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም። እኔ ኮቴን ላስጠግን እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ጠመኔ መጥታ ያቺን የታወቀች ንግግሯን አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን እያሻሸች ብዙ አሰበች። «እርስዎ ካሉ እሺ፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

ዓመቱ ተጀመረ፤ ሁለቱ ልጆች ያለፉበት የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ነገ ይመጣል ተባለ፣ ከነገ ወዲያ ተባለ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ልጆቹን ከሌላው ክፍል ጋር ቀላቀሏቸው። ከኋላ የሚቀመጡት ጥቁር ሰሌዳ መኖሩን የሚያውቁት በወሬ ነው። ጠመኔ የልጅ ልጇን ቤት ላስጠናት ብላ ሞክራ ነበር። ግን ጠዋትም ከሰዓትም ስታስተምር ውላ የምትገባ ሰው ናት፤ መጽሐፉን እንደያዘች ቁጭ ብላ ትተኛለች። እንዲህ ያለችኝ ራሷ ልጅቷ ናት፣ እየሳቀች።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጆቹ ተለቀው፣ ሁለቱ ጓደኛሞች እኔ ጋ ቆመው ይጠብቋታል። በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ጠመኔ እንደ ቀልድ «እስቲ አንብቢልኝ» አለቻት የልጅ ልጇን። ልጅቷ ወለም ዘለም ሳትል ተወጣችው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስጮኸው የምውለው ስለሆነ ደስ አለኝ። ጠመኔ ግን የአስተማሪ ነገር ሆኖባት ጣቷን «ፈቃድ» ላይ ብቻ አድርጋ «ይቺስ?» አለች። ልጅቷ የአያቷን ጣት አየች፣ እኔን አየች፣ «ክልክል» አለች። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ጠየቀቻት። እሷም «ክልክል»።

«አምና ሁለቱም ያነቡ ነበር እኮ» አለችኝ ልጆቹ ፈንጠር ሲሉ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«እጄ ላይ ነበር ያነበቡት።» አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ከቤቴ ድረስ መጣች። «ወንድሜ፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ አብረኸኝ ና» አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ውሻ የለም። ምንም ሳልጠይቅ ተከተልኳት። የልጅ ልጇን በእጇ ይዛታለች።

«ዩኒፎርም ነበር» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«የትኛው፣ እትዬ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል።

«የማዶው።»

ማሽኑ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አወረደች። ልጅቷን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ትከሻዋን ለካች፣ ወገቧን ለካች። የራሷ ልጅ ጥግ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ትሠራ ነበር፤ እሱን ትታ ታያቸው ጀመር። «እማዬ፣ እሷ ልትሄድ ነው?» ስትል እናቷ የዩኒፎርሙን ቁመት መለካት ቀጠለች።

«ባለቤቱን ሄጄ ልለምንልሽ» አለች ጠመኔ። «ያንን ቦታ…»

«ጠይቄው ነበር። ሞልቷል።» ሜትሩን አጠፈች። «እትዬ፣ ያኔ የነገሩኝን ያምኑበት ነበር?»

«አምኜበት ነበር።»

«እኔም እርስዎን አምኜ ነበር።»

በቁጣ ብትናገረው ይሻል ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ተረት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ለማን እንደምተርተው ግራ ገባኝና ዋጥኩት። ጠመኔ እንባዋን በዚያ በነጭ እጅጌዋ ጠረገች። ልብስ ሰፊዋ ጠመኔን ሳታይ «ጫፉን አስረዝሜ አጥፈዋለሁ፤ ለከርሞም ይሆናታል» አለች፤ ቀጥላም መቀሷን አነሣች።

ሰኞ የልጅ ልጇ በደጃችን ስታልፍ ሹራብ ከላይ ደርባ ነበር። የወይን ጠጁ ከታች ይታያል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በሰማያዊ ልብሷ እኔ ጎን ቆማ እጇን አውለበለበችላት፤ ከዚያ ብቻዋን ገባች።

በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ ሾፌር መጣ። ጠመኔ ሁለቴ ቤቱ ሄዳ ያስቀረችው ሰው ነው። ፌስታሉን ሰጥቶኝ ሄደ። እንደ ልማዴ ክፍሏ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። እሷም እንደ ልማዷ ቦርሳዋን አነሣች። ዱላዬን ላመጣ ዞር ስል ቦርሳዋን መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ሄጄስ ምን ልላቸው?» አለችኝ።

ፌስታሉን ይዤ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ።