ወደ ታች ሳይ ሰማይ የታየኝ ዕለት

ዛሬ አየር ጤና፣ ጌም ዞን ውስጥ፣ ሰማይ እያየሁ ሞትኩ።

ከሳንሱሲ ልጆች ጋር በተኩስ ጌም ገጥመን የመጨረሻው ተራ የኔ ነበር። ካሸነፍኩ ለፍጻሜ እናልፋለን።

እኔ ማውሱን ወደ ፊት ስገፋ ወደ ታች ነው የማየው፤ የልጅነት የአውሮፕላን ጌም አመል ነው። ከኔ በፊት የተጫወተው የቡድናችን አለቃ ሚኪ ግን፣ እንደ ቀረው የሰው ዘር፣ ወደ ላይ እንዲያሳይ አድርጎት ኖሯል።

በቤቱ ሕግ ጨዋታ ከተጀመረ ሴቲንግ አይነካም። እኔም ሕግ አክብሬ ደመናውን ጎበኘሁ።

«ሰውዬ፣ ጠላት መሬት ላይ ነው! ጸሎት ይዘሃል እንዴ?» አለኝ ሚኪ።

ጠላት ተረጋግቶ መጥቶ ገደለኝ። ሚኪ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ታክሲ ውስጥ እስኪከፋኝ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም።

ማውስ ተገልብጦበት ቡድኑን ያስወጣ ካለ ኮመንት ላይ ይንገረኝ። ሁለት ስንሆን ምናልባት ይከፋን ይሆናል።