ሌንስ ማለት ይሄ ነው!

መርካቶ ስገባ እግሬ አንድ ቦታ አይቆምም። ባለፈው ቅዳሜ ለካሜራዬ ትንሽዬ የድሮ ዙም ሌንስ ፍለጋ ሲኒማ ራስ አካባቢ ወረድኩ። በማግስቱ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር፤ ትልቁን ሌንሴን ሲያዩ ደግሞ ዘመዶቼ ሁሉ ድርቅ ይሉብኛል።

የመጀመሪያው ባለሱቅ ጋሼ ከድር አንድ አወጡልኝ። ካሜራዬ ላይ እንኳ ሳልሞክረው "ደብዛዛ ነው፣ የማዞሪያ ቀለበቱም ይከብዳል" ብዬ ውልቅ አልኩ።

አራት ሱቅ አልፌ እትዬ አበበች ጋ ገባሁ።

"አለ የኔ ልጅ፣ መጋዘን ነው ያለው፤ አረፍ በል" ብለው ወጡ።

ማረፍ የት አባቱ! ሰዓቴን አየሁ፣ ደጅ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። በስንት ጊዜው አንድ ሌንስ በጨርቅ እየወለወሉ መጡ። ገጥሜው ወደ መንገዱ አነጣጠርኩ። ማዶ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ጥርሱ ሳይቀር ታየኝ።

"ይኸው እትዬ! ሌንስ ማለት ይሄ ነው! እዚያ ጋ አንድ ሽማግሌ ውዳቂ ሊያሸክሙኝ ነበር" አልኩ ጮክ ብዬ።

እትዬ አበበች አንገታቸውን ደፉ። ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ስል ጋሼ ከድር በሩ ላይ ቆመዋል።

"አበበች፣ ሌላ ደንበኛ መጥቶብኛል" አሉ። "ልጁ ካልወሰደው ውዳቂዬን መልሽልኝ።"