ኦቦ ከድርን ላብ ያላስጠነቀቃቸው ቀን

ጎባ ሆስፒታል፣ የስኳር ሕመም ክትትል ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊዬ ሲስተር አስቴር የስኳር መለኪያውን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «ከፍ ያለውን ብቻ እንዳትፈሪ። ቶሎ የሚገድለው ዝቅ ያለው ነው» አለችኝ።

አንጎል ያለ ስኳር መሥራት አይችልም። በደም ውስጥ ሲያንስበት ጉበት ያስቀመጠውን እንዲለቅ ያዛል። ሰውየውንም በላብ፣ በመንቀጥቀጥና በረሃብ ያስጠነቅቀዋል። ይህን ለሕመምተኞች ማስተማር ሥራዬ ሆነ።

ኦቦ ከድር ቀጠሮ የማያዛንፉ ታካሚያችን ነበሩ። ኢንሱሊን ከጀመሩ ብዙ ዓመታቸው ነው። ከጎባ ደሎ መና ሚኒባስ ይነዳሉ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ለሥራ ወደ ደሎ መና ስሄድ በእሳቸው መኪና ተሳፈርኩ። «ሲስተር፣ ነይ ጋቢና» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የሳነቴን ደጋ ሜዳ እስክናልፍ ስለ ልጆቻቸው ሲያጫውቱኝ ነበር።

ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ወሬው ተቋረጠ። ኩርባው ላይ ማርሽ አልቀነሱም።

«ኦቦ ከድር!»

ግንባራቸውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። እጃቸውም አይንቀጠቀጥም። ዓይናቸው ግን ፈጦ ቀርቷል። በግራችን ገደሉ በጉም ተሞልቷል።

«ያ ረቢ!» አለች ከኋላችን የተቀመጠች የቡና ነጋዴ።

በአማርኛም በኦሮምኛም «ያቁሙ!» እያልኩ ጮህኩ። አልሰሙኝም። መሪውን ወደ ተራራው በኩል ጠምዝዤ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩ። መኪናው አፈሩን ገጭቶ ቆመ።

«ስኳራቸው ወርዷል፤ ጣፋጭ ነገር ያላችሁ ስጡኝ!» አልኩ። ነጋዴዋ ከቦርሳዋ ለስላሳ አወጣች። ወደ አፋቸው ሳስጠጋው እጄን መቱኝ። «ማነሽ አንቺ?» አሉ። ዓመታት የማውቃቸው ሰው አላወቁኝም። እየለመንኩ ትንሽ በትንሽ አጠጣኋቸው።

ቆይተው ዞር አሉና፣ «ሲስተር፣ ለምን ቆምን?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ወርደው ገደሉን አዩ፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ወላሂ፣ ምንም አልተሰማኝም» አሉ። መኪናውን ከተሳፋሪዎቹ አንድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነዳው።

በማግስቱ ጎባ ተመልሰን ሐኪማችን ሲያስረዳቸው አጠገባቸው ነበርኩ። «ስኳርዎ ደጋግሞ ሲወርድ አንጎልዎ ለምዶታል። ማስጠንቀቁን ትቷል» አላቸው። የኢንሱሊኑን መጠን አስተካከለና መንዳት ከለከላቸው።

«ሌላ ሥራ አላውቅም እኮ፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ቀጣዩን ቀጠሮ ጻፈላቸው።

መኪናውን ሸጠው ሮቤ ላይ ሱቅ ከፈቱ። ስኳራቸው እንዳይወርድ ተጠንቅቀው ወራት ካለፉ በኋላ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ በመጠኑ ተመለሰላቸው። መሪ ግን ዳግም አልነኩም። እኔም እስከ ዛሬ በዚያ ቁልቁለት ስወርድ ዓይኔን ከሾፌሩ ፊት አልነቅልም።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሾፌር ስሜቱን አይመን፤ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ስኳሩን ይለካ።