የልብስ ሰፊው አከርካሪ

ጉንደ ወይን ገበያ ዳር አብዱልቃኒ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ። ሃያ ሁለት ዓመት በስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ የሙሽራ ቀሚስም የገበሬ ቁምጣም ሰፍቷል። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. ጥር ላይ ጀርባውን ሲያመው ማንም አልገረመውም። «የመኪናው ነው» አለው ጎረቤቱ አወቀ። ወጌሻ አሸው፤ ቅቤ ተቀባ። ሕመሙ ግን ተኝቶም አልለቀቀውም።

ክረምቱ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይመጣበት ጀመር። ያኔ ሥራውን ትቶ ግድግዳውን ይደገፋል። የተንጠለጠሉት ጨርቆች ይረዝማሉ፣ ይፈስሳሉ፤ ሰማያዊው ወንዝ፣ አረንጓዴው የጤፍ ማሳ ይሆናል። የገበያው ጫጫታ ከውኃ ሥር የሚመጣ ያህል ይርቃል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጉም በበሩ ገብቶ እግሩን ያለበሰው ይመስለዋል፤ ደስም ይለዋል። አንድ ቀን ታዲያ ጉሙ ተገፎ እግሩ ሳይመለስ ቀረ። የመኪናውን መርገጫ ረገጠ፤ መርገጡን ግን አላወቀውም።

ሚስቱ ሰልማ በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረሰችው። አይናዲስ የምትባል ወጣት ጤና መኮንን ተቀበለቻቸው።

«ያስልዎታል?»

«ኧረ የለም።»

«ሌሊት ያልብዎታል?»

«አንሶላው ይጨመቃል!» ሰልማ ቀደመችው።

አይናዲስ የሱሪውን ወገብ አየች። «ማን አጠበበው?»

«እኔው ነኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

አብዱልቃኒ አሰበ። «ከግንቦት ወዲህ... ሦስት ጊዜ።» ሲናገረው ራሱ ደነገጠ።

በደረቱ አስተኝታ አከርካሪውን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ተጫነችው። መሐል ላይ ስትደርስ «ያ አላህ!» ብሎ ጮኸ። እዚያ ላይ ትንሽ ጉብታ ነበረች። በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ራጅ ተነሣ፤ አከርካሪው አጠገብ የተጠራቀመ መግልም በመርፌ ተቀድቶ ተመረመረ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። «ሁለት አጥንቶች ተበልተዋል፤ መግሉም ነርቩን ተጭኖታል። ቲቢ ነው። ሳንባን ብቻ አይይዝም፤ በደም ሄዶ አከርካሪ ላይም ይቀመጣል። መድኃኒቱን ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳያቋርጡ ይውሰዱ።»

«መኪናውስ?»

«መኪናው ምን አደረገ!»

እዚያው ሆስፒታል፣ በጠንካራ አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሁለት ወር ተኛ። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት የጤና ሠራተኛ እያየው ይውጣል፤ ሽንቱ ቢቀላ መድኃኒቱ ነው ብለው አረጋጉት። በእንቅልፍና በንቃት መካከል የጮቄን ደመና በመቀሱ እየቀደደ ይሰፋል፤ ስፌቱ ግን አያልቅም። ሰልማ በየማለዳው እግሩን ታጥበዋለች። ሲታጠብ አይሰማውም፤ የውኃውን ድምፅ ብቻ ይሰማል።

አንድ ማለዳ ዓይኑን ሳይገልጥ «እጅሽ» አላት።

«እጄ ምን ሆነ?»

«ግራ እግሬ ላይ ነው።»

ሰልማ ጣሳውን ለቀቀችው።

ትኩሳቱ ጠፋ፤ ሥጋው ተመለሰ። መጀመሪያ በምርኩዝ፣ ኋላም ያለ ምርኩዝ ሄደ። ጉብታዋ ግን ቀረች። መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንቱ፣ መስከረም ላይ፣ ከሰልማ ጋር ከከተማው ወጡ። መስኩ ዳር ጫማውን አወለቀና ጤዛው ላይ ቆመ።

«ብርድ ይመታሃል» አለችው።

«ተይው፣ ይምታኝ።»