ያልገጠሙት ሦስት እንጨቶች

ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ በነበረው ቤታችን፣ ቀኑ የሚያልቀው በአያ ፈንታ ተረት ነበር። አያ ፈንታ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ጣራ ሲያዋቅሩ ኖረው፣ ካንዱ ጣራ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እኛ ቤት ገብተው በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። ያኔ መብራት እየመጣ ይጠፋ ስለነበር አመሻሹ ላይ ኩራዙ ይለኮሳል፣ አባቴ ካከሰለው የተረፈው ከሰል ማንደጃው ላይ ይቀላል፣ እሳቸውም የጅቡንና የጦጣዋን ነገር በአዊኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱልናል፤ እኔ የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ አፍ አፋቸውን አያለሁ። ለምን እንደወደቁ ግን አንድም ቀን አውርተውልን አያውቁም።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ጎነ ሦስትን አስተማሩን። በጎን ሲለይ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ፣ ሁለቱ ብቻ እኩል የሆኑ፣ አንዱም ካንዱ የማይተካከል፤ በማዕዘን ሲለይ ደግሞ ሹል፣ ቀጤ፣ ዝርጥ። እኔ ስሙን እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጄዋለሁ። ጣጣው የመጣው መምህሩ «ስድስቱንም ከእንጨት ሠርታችሁ ሰኞ አምጡ፤ ከሃያ ይያዛል» ያሉ ዕለት ነው።

እሑድ አመሻሽ ላይ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ቆራርጬ ተቀመጥኩ። አንዱም ካንዱ የማይተካከለውን ልሠራ አንድ በጣም ረጅም፣ ሁለት አጫጭር እንጨት መረጥኩ። ረጅሙን አስተኝቼ አጫጭሮቹን ከሁለቱ ጫፍ ባነሳቸው አይደራረሱም። ጎትቼ ሳስራቸው ክሩ ተበጠሰ። ደግሜ አሰርኩ፤ ደግሞ ተበጠሰ። እንባዬ መጣ። ይኼኔ አያ ፈንታ ከማንደጃው ማዶ ሆነው፣

«እስኪ ወዲህ በይው» አሉኝ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ያውቃሉ? አልተማሩ!» አልኳቸው።

እናቴ ልትቆነጥጠኝ ብድግ ስትል አያ ፈንታ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጧት። አልተቆጡም፤ ፊታቸው የደከመው ሰው ፊት ነበር። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። እንጨቶቹን ሰጠኋቸው።

«ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም» አሉ። «ሁለቱ ተቀጣጥለው ሦስተኛውን ካልበለጡት፣ እንኳን በክር በሚስማርም አይገጥሙ።»

ረጅሙን ትንሽ ቆረጡት፤ ገጠመ። ለቀጤው ደግሞ አንዱን ሦስት ጋት፣ አንዱን አራት ጋት፣ አንዱን አምስት ጋት ለክተው ሰጡኝ። ሳስራቸው አንደኛው ማዕዘን ልክ እንደ መስኮት ጥግ ቀጥ ብሎ ወጣ። አፌን ከፍቼ አየኋቸው። እንዲህ እንዲህ እያልን ዝርጡ ጋ ስንደርስ ግን እጃቸው ቆመ።

«እኔን የጣለኝ ይኼ ነው» አሉ። «ባለቤቱ እንጨት እንዲተርፈው ብሎ ‹ጣራውን ዝቅ አድርገህ ዘርጋው› አለኝ። የኛ አገር ዝናብ እንዲህ ካለ ጣራ ላይ ቶሎ እንደማይወርድ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ሠራሁለት። በኋላ አፈሰሰ ብሎ ጠራኝና ልጠግን ስወጣ፣ ውስጡ በስብሶ ኖሮ ይዞኝ ወረደ።»

ያን ዕለት ተረት ሳይነገር ተኛን።

ሰኞ መምህሩ ሥራዬን አገላብጠው አዩና «ማን አገዘሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። ሃያ ከሃያ ሰጡኝ። ቤት ስገባ ስለ ውጤቱ እንጂ ስለዚህች መልስ ለማንም አልተነፈስኩም። መምህሩ ግን እኛ ቤት ጣራ ሠሪ እንዳለ ያውቁ ነበርና፣ በዚያው ሳምንት አያ ፈንታን ትምህርት ቤት አስጠሯቸው።

እሳቸውም በምርኩዛቸው እያነከሱ መጡ። ጫፍና ጫፉ የተያያዘ፣ አሥራ ሁለት ቦታ በእኩል ርቀት የተቋጠረ ገመድ ይዘው፣ ሦስት ልጆች ሜዳው ላይ አቁመው፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያሉ ቀጤውን ማዕዘን ሲያወጡ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ያኔ መምህሩ ወደኔ እያዩ፣

«ታዲያ የሷንም የሠሩላት እርስዎ ነዎት?» አሏቸው።

አያ ፈንታ አዩኝ፤ «ማንም» ብዬ መመለሴ የገባቸው ይመስለኛል።

«እሷ ናት የሠራችው» አሉ። «እኔ ኩራዙን ነው የያዝኩላት።»

ዛሬ እንጅባራ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ያንኑ ትምህርት ለስንት ክፍል እንዳስተማርኩ እንጃ፤ ደብተር አርሜ ስነሳ ትከሻዬ ዝሎ፣ ድምፄም ሰልሎ ነው። አያ ፈንታ ካረፉ ቆዩ። ተረቶቻቸውን አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ጅቡ መጨረሻው ምን እንደሆነ ልጄ ብትጠይቀኝ የምመልስላት የለኝም። የቀረኝ ያን ቀን ከትምህርት ቤት የተመለስንበት መንገድ ነው። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ አረፉ። እኔ ገመዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ እሳቸው ሲቆሙ እየቆምኩ፣ ሲሄዱ እየሄድኩ፣ «ይቅር ይበሉኝ» የምትለዋን ቃል አፌ ላይ ይዣት ነበር። ቤት ደረስን። አያ ፈንታ ግድግዳውን ተደግፈው አረፍ አሉ፤ እኔም ውኃ አቀበልኳቸውና ሳልናገር ቀረሁ።