ድንጋይ ተሸክመው የመጡት ፖሊስ

ትናንት እሑድ፣ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖት ሳለ፣ አንድ አዛውንት አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙ። ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ነበሩ። ቤት የነበርነው ታላቅ ወንድሜና እኔ ነን።

አዛውንቱ በደርግ ጊዜ ፖሊስ ነበሩ። ላምበረት አካባቢ ሱቅ ሲሰበር ወንድሜን ይዘው፣ ውስጥ እግሩን ገርፈው "ሰርቄያለሁ" አሰኙት። ታሰረ። እስከ ዛሬ አሻራ በሰጠ ቁጥር ሌባ ነው የሚባለው። በቅርቡ እንኳ የጥበቃ ሥራ አጥቶበታል።

"ልጄ፣ ስለ ፈጣሪ ብለህ ይቅር በለኝ" አሉ።

"አባባ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን ያውርዱት፣ ወገብዎን ያምዎታል" አለ ወንድሜ።

(ያኔ ለእሱ እግር እንዲህ ያሰበለት አልነበረም።)

ከዚያ ወንድሜ "ይቅር ብያለሁ" አለ። "ግን ጣቢያ ሄደው፣ ገርፌ ነው ያሳመንኩት ብለው ቃል ይስጡልኝ።"

አንደኛው ሽማግሌ ተቆጡ። "እርቅ ብለን መጥተን ጣቢያ ትለናለህ?"

"ጋሼ፣ ከእሳቸው ጋር ታርቄያለሁ። ከአሻራዬ ጋር ማን ያስታርቀኝ?"

አዛውንቱ ቀስ ብለው "ነገ እመጣለሁ" አሉ።

ዛሬ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ወንድሜን ተከትዬ ጣቢያ ሄድኩ። እውነትም መጡ። መርማሪው ጥቂት ጻፈና ቀና አለ።

"አባባ፣ ይሄ እርስዎንም ያስጠይቃል። ይቀጥላሉ?"

አዛውንቱ ወንድሜን አዩት። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። በሰው ፊት መናገር የማልወደው እኔ "ይቀጥሉ" አልኩ።

ቀጠሉ።

ገና ፍርድ ቤት ይቀራል ተብለናል። ደክሞናል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ስም ማስፋቅ የቻለ አለ? ከየት ጀመራችሁ?